«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት፦ የሶፍትዌር አውቶማቲክ ፍተሻ ለሕዝብ አገልግሎት ያለው ፋይዳ

ከጃናሞራ ወረዳ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ባለጉዳይ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ያልፋል። በዳባት ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር አርሶ አደርም የወረዳ ጉዳዩን በተቻለ መጠን ከገበያ ቀን ጋር አስማምቶ ይመጣል። ለእነዚህ ዜጎች በአገልግሎት መስኮት የሚነገር «ሲስተም የለም» የሚል መልስ የጥቂት ደቂቃ መጉላላት ብቻ አይደለም። የትራንስፖርት ወጪ፣ የማደሪያ ክፍያና የባከነ የሥራ ቀን ማለት ነው።

«ሲስተም የለም» የሚለው አባባል በውስጡ ብዙ ምክንያቶችን ይይዛል። መብራት ይቋረጣል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ኮምፒውተር ይበላሻል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ እምብዛም ስሙ የማይነሣው የሶፍትዌሩ የራሱ ስህተት ነው። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፉ አገልግሎቱ ይቆማል፤ ችግሩንም ሁሉም ሰው ያየዋል። ስህተት ያለበት ሶፍትዌር ግን አይቆምም። የተሳሳተ ሂሳብ እያሰላ፣ የተሳሳተ ቀን እየመዘገበ፣ መብት ያለውን ሰው እየከለከለ ሥራውን ይቀጥላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ብዙ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።

የመንግሥት አገልግሎቶች ከወረቀት ወደ ዲጂታል ሥርዓት እየተሸጋገሩ ባሉበት በአሁኑ ወቅት ይህን ጉዳይ በጥሞና መመልከት ያስፈልጋል። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም ከጸደቀ ወዲህ፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ የፋይዳ ምዝገባ ተስፋፍቷል። በ2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የበርካታ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ቦታ አሰባስቧል። ሥርዓቶች እርስ በርስ በተሳሰሩ ቁጥር የአንዱ ስህተት ወደ ሌላው የመተላለፍ ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህም «ሶፍትዌሩ ተሠርቷልን?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ሶፍትዌሩ በየማሻሻያው ይፈተሻልን?» የሚለው ጥያቄ እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

ከመጋቢት 2016 የሚወሰድ ትምህርት

የሶፍትዌር ስህተት በአገር ደረጃ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ኢትዮጵያውያን በቅርቡ ተመልክተዋል። ከመጋቢት 6 ወደ 7 ቀን 2016 ዓ.ም በዋለው ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ባጋጠመ ችግር ደንበኞች በሂሳባቸው ውስጥ ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በፍጥነት ተዛመተ፤ በየግቢው ባሉ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ረጃጅም ሰልፎች ታዩ። ባንኩ ችግሩን ሲያውቅ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ።

ባንኩ ክሥተቱ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑንና ከመደበኛ የሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታውቋል። ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ወደ 800 ሚሊዮን ብር የሚጠጋ ሲሆን፣ በተከታዮቹ ሳምንታት ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመልሷል። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ ማሳሰቢያ አወጡ፤ ባንኩም ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎችን ስም ይፋ እስከማድረግ ደረሰ።

ከዚህ ክሥተት ሁለት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሥርዓቱ አዲስ በተሠራበት ዕለት ሳይሆን ለዓመታት በደህና ሲሠራ የቆየ ሥርዓት በሚሻሻልበት ዕለት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የአንድ ሌሊት ስህተት ማስተካከያ ሳምንታት የሚፈጅ፣ ከቴክኖሎጂ ባለሙያው አልፎ ቅርንጫፍ ሠራተኛን፣ የዩኒቨርሲቲ አስተዳደርን፣ ፖሊስንና ወላጅን የሚያሳትፍ መሆኑ ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር እንደሚባለው፣ የጥንቃቄው ጊዜ ማሻሻያው ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት ያለው ጊዜ ነው።

አውቶማቲክ ፍተሻ ማለት ምን ማለት ነው?

ሶፍትዌር ሁልጊዜም ይፈተሻል። ልዩነቱ የሚፈትሸው ማን እንደሆነና በየስንት ጊዜው እንደሚፈተሽ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ባለሙያ ሥርዓቱን ከፍቶ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ ቁልፍ ተጭኖ ውጤቱን በዓይኑ ያያል። በአውቶማቲክ ፍተሻ ግን ከዋናው ሶፍትዌር ጎን ለጎን ሌላ አነስተኛ ፕሮግራም ይጻፋል። የዚህ ፕሮግራም ሥራ ዋናውን ሶፍትዌር መጠየቅና መልሱን አስቀድሞ ከተቀመጠው ትክክለኛ መልስ ጋር ማመሳከር ነው።

የባንክ ሂሳብን በምሳሌነት እንውሰድ። በሂሳቡ 500 ብር ያለው ደንበኛ 700 ብር ለማውጣት ቢጠይቅ ሥርዓቱ መከልከል አለበት። 500 ብር ቢጠይቅ መክፈልና ቀሪውን ዜሮ ማድረግ አለበት። በአንድ ቅጽበት ከማሽንና ከሞባይል ስልክ ሁለት ጊዜ 500 ብር ቢጠየቅ አንዱን ብቻ ማስተናገድ አለበት። ዝውውሩ በመሃል ኔትወርክ ቢቋረጥበት ገንዘቡ ከላኪው ሂሳብ ጠፍቶ ለተቀባዩም ሳይደርስ መቅረት የለበትም። እነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች ለማንም ዜጋ ግልጽ ናቸው። አውቶማቲክ ፍተሻ የሚያደርገው እነዚህኑ ዓረፍተ ነገሮች ኮምፒውተር በሚያነበው ቋንቋ ጽፎ፣ የሶፍትዌሩ አንዲት መሥመር በተቀየረች ቁጥር ሁሉንም እንደገና መጠየቅ ነው። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ የተሳሳተ መልስ ካገኘ ማሻሻያው ወደ ሕዝብ አይለቀቅም።

ፍተሻው በተለያየ ደረጃ ይካሄዳል። በመጀመሪያው ደረጃ የሶፍትዌሩ ትንንሽ ክፍሎች፣ ለምሳሌ ዕድሜን ወይም ወለድን የሚያሰላው ክፍል፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ ይፈተሻሉ። በሁለተኛው ደረጃ ክፍሎቹ ተገጣጥመው በትክክል መነጋገራቸው ይታያል። በመጨረሻም አንድ ባለጉዳይ ከመግቢያ እስከ መውጫ የሚያልፍበት ሙሉ ሂደት ይሞከራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ የተባሉ ባለሙያዎች ጄዩኒት የተባለውን መሣሪያ ከሠሩ ወዲህ ይህ አሠራር በመላው ዓለም በሶፍትዌር አበልጻጊዎች ዘንድ የዕለት ተዕለት ልማድ እየሆነ መጥቷል። ለዚህ ሥራ የሚውሉ ብዙ መሣሪያዎች ያለክፍያ የሚገኙ ናቸው።

የአሠራሩ ዋነኛ ጥቅም ድግግሞሹ ላይ ነው። ለምሳሌ አንድ ሥርዓት 300 ሊፈተሹ የሚገባቸው ሁኔታዎች ቢኖሩትና እያንዳንዱን በእጅ ለመሞከር 5 ደቂቃ ቢወስድ፣ አንድ ዙር ፍተሻ 25 ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም ከሦስት የሥራ ቀናት በላይ ነው። አንድን ፊደል ለማስተካከል ሲባል ሦስት ቀን የሚፈትሽ ተቋም አይኖርም። ስለዚህ ባለሙያው የቀየረውን ቦታ ብቻ አይቶ ያልፋል። ስህተቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ባልተነካው ቦታ ነው። ኮምፒውተር አይሰለችም፤ 300ውንም ሁኔታዎች በደቂቃዎች ውስጥ፣ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በዳባት የሚታወቅ ጥንቃቄ

ይህ አስተሳሰብ በስሜን ግርጌ ላሉ ወረዳዎች ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ዳባት፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለ። መረጃ ሰብሳቢዎች በተመረጡ የከተማና የገጠር ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየተዘዋወሩ ልደትን፣ ሞትን፣ ወደ አካባቢው መግባትንና መልቀቅን ይመዘግባሉ። ከደጋው፣ ከወይና ደጋውና ከቆላው ከተውጣጡት ከእነዚህ ቀበሌዎች የተገኘው መረጃ የእናቶችና የሕፃናት ሞት፣ የበሽታዎች ሥርጭትና የአኗኗር ሁኔታ ለተጠናባቸው በርካታ የምርምር ሥራዎች መሠረት ሆኗል።

በዚህ ዓይነት ክትትል ውስጥ አንዲት ትንሽ የመዝገብ ስህተት ትልቅ ውጤት አላት። አንድ ሰው ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር በሁለቱም ቤት ተመዝግቦ ከቀረ፣ የሕዝቡ ቁጥር ከእውነታው በላይ ይሆናል። የሞት ምጣኔ የሚሰላው የሞቱትን ሰዎች ለጠቅላላው ሕዝብ በማካፈል ስለሆነ፣ አካፋዩ ሲያድግ ምጣኔው ዝቅ ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለው ቁጥር አንድን አካባቢ ከእውነታው የተሻለ ጤና ያለው አስመስሎ ሊያቀርብ፣ የሚገባውንም ትኩረት ሊያሳጣው ይችላል።

ስለዚህ በሥነ ሕዝብ ክትትል ሥራ የመረጃ ቋቱ ራሱ ጥያቄ እንዲጠይቅ ይደረጋል። የሞት ቀን ከልደት ቀን ሊቀድም አይችልም። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት ቤተሰብ አባልነት ሊመዘገብ አይችልም። የእናትየዋ ዕድሜ ከልጇ ዕድሜ ጋር መጣጣም አለበት። ደንቡን የጣሰ መዝገብ ሲገኝ ወደ መስክ ተመልሶ ይጣራል። የጤና ተቋማት ሪፖርት በሚያደርጉበት ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው ሥርዓት ውስጥም ተመሳሳይ የማመሳከሪያ ደንቦችን ማስቀመጥ ይቻላል።

በእርግጥ የመረጃ ማጣሪያና የሶፍትዌር ፍተሻ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰው ያስገባውን መረጃ ይመረምራል፤ ሁለተኛው ደግሞ መረጃውን የሚያስተናግደውን ሶፍትዌር ይመረምራል። የሁለቱም መነሻ ሐሳብ ግን አንድ ነው፦ ትክክለኛው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስቀመጥና ማመሳከሩን ለማይሰለች ማሽን መስጠት። በዳባት የመስክ ሥራ የሚከበረው ጥንቃቄ በሶፍትዌር ማበልጸጊያ ክፍሎችም ሊከበር ይገባዋል።

በሌላ አገር የተፈተሸ፣ ለኢትዮጵያ ተፈትሿል ማለት አይደለም

እ.ኤ.አ. በጁን 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ከተነሣች ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ አየር ላይ ወደመች። ምርመራው እንዳሳየው፣ የችግሩ ምንጭ ከቀዳሚዋ ከአሪያን 4 ተወስዶ ያለበቂ ፍተሻ ሥራ ላይ የዋለ የሶፍትዌር ክፍል ነበር። ሶፍትዌሩ በአሪያን 4 ላይ ያለ እንከን ሠርቷል። አዲሷ ሮኬት ግን ፍጥነቷ የተለየ ነበርና፣ ሶፍትዌሩ ሊይዘው የማይችለው ትልቅ ቁጥር መጣበት። በአዲሷ ሮኬት የበረራ ሁኔታ ግን አልተፈተሸም ነበር።

ከውጭ ተገዝተው ወይም ተቀድተው ለሚመጡ ሥርዓቶች ይህ ቀጥተኛ ትምህርት ነው። በሌላ አገር ለዓመታት የሠራ ሶፍትዌር በኢትዮጵያ ሁኔታ እስካልተፈተሸ ድረስ ያልተፈተሸ ነው። የአገሪቱ ልዩ ሁኔታዎችም ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወራት አሉት፤ ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ 6 ቀን ትሆናለች። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም በዳባት የተወለደ ሕፃን ልደቱ ሲመዘገብ፣ ሥርዓቱ ጳጉሜንን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ የሚቆጥር ከሆነ «የተሳሳተ ቀን» ብሎ ይመልሰዋል። መዝጋቢው ሥራውን ለመጨረስ ሲል ጳጉሜን 5 ወይም መስከረም 1 ብሎ ቢያስገባ፣ ሕፃኑ ዕድሜ ልኩን ይዞት የሚዘልቀው የልደት ምስክር ወረቀት የተሳሳተ ይሆናል። መስከረም 1 ከተባለ ደግሞ የልደት ዓመቱም ይለወጣል። ከዚያ የሚከተለው ዓመትም የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ የገና በዓል በ2016 ዓ.ም ታኅሣሥ 28 ቀን መዋሉ የዚሁ የአንድ ቀን ሽግሽግ ውጤት ነው። ወደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የሚቀይር ሶፍትዌር ይህን ካልተገነዘበ ለወራት በአንድ ቀን ይሳሳታል። ከ2015 ቀጥሎ ያለው ጳጉሜን 6 የሚመጣው በ2019 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነው። አንድ ተቋም ሥርዓቱ ለዚያ ቀን ዝግጁ መሆኑን ለማወቅ ቀኑን መጠበቅ የለበትም፤ አንድ የፍተሻ መሥመር ዛሬውኑ ይነግረዋል።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ኢትዮጵያዊ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይዝም፤ «የቤተሰብ ስም» የሚል ክፍት ቦታ የግድ እንዲሞላ የሚጠይቅ ቅጽ ለዚህ አገር አልተሠራም። «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ» እና «ሀይሉ» በንባብ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። «ወልደ ሥላሴ» አንድ ጊዜ ተለያይቶ፣ ሌላ ጊዜ ተያይዞ ይጻፋል። በቀበሌ መታወቂያው በአንዱ፣ በጤና መድኅን ደብተሩ በሌላው ፊደል የተመዘገበ አባወራ ሲፈለግ መገኘት አለበት። ይህም በፍተሻ ዝርዝሩ ውስጥ ተጽፎ መቀመጥ ያለበት ሁኔታ ነው።

ሦስተኛው የሰዓትና የስልክ ቁጥር ጉዳይ ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለ ቀጠሮ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው፤ ሥርዓቱ ሌሊት 9 ሰዓት አድርጎ መልእክት ቢልክ ባለጉዳዩ ቀጠሮው ያመልጠዋል። የሞባይል ስልክ ቁጥር ለረጅም ጊዜ በ09 ብቻ ይጀምር ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ግን በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ። 09ን ብቻ እንዲቀበል የተጻፈ ቅጽ አንድን ዜጋ ስልክ ቁጥሩ ስለተለየ ብቻ ከአገልግሎት ያስቀረዋል።

እነዚህን ሁኔታዎች አስቀድሞ የሚያውቃቸው የውጭ አቅራቢው አይደለም። የሚያውቋቸው የወረዳ መዝጋቢው፣ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛውና የቀበሌ ሥራ አስኪያጁ ናቸው። የተሟላ የፍተሻ ዝርዝር የሚወጣውም ከእነርሱ ዕውቀት ነው።

ስህተቱ በማን ላይ ይወድቃል?

የሶፍትዌር ስህተት ተጠያቂነትን ያዛባል። በዚህ ረገድ በእንግሊዝ አገር የተፈጸመው በዓለም ላይ ከሚጠቀሱት አሳዛኝ ክሥተቶች አንዱ ነው። የአገሪቱ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የሂሳብ ሥርዓት በቅርንጫፎቹ ዘረጋ። ሥርዓቱ በተለያዩ ጊዜያት የሌለ የገንዘብ ጉድለት ያሳይ ነበር። በየመንደሩ ቅርንጫፍ ያስተዳድሩ የነበሩ ሰዎች ገንዘቡን አላነሣንም ቢሉም «ኮምፒውተሩ አይሳሳትም» በሚል እምነት ክስ ተመሠረተባቸው። ከ900 በላይ ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ፤ ከእነርሱም የታሰሩ፣ ቤታቸውን ያጡና ሕይወታቸው ያለፈ አሉ። የእንግሊዝ ምክር ቤት የጥፋተኝነት ውሳኔዎቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ ያወጣው ከዓመታት ትግል በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ነበር።

በአንዲት አነስተኛ ከተማ የሚሠራ ገንዘብ ያዥ ወይም የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሁኔታውን በቀላሉ ይረዳዋል። በሰነድ የሚሠራ ገንዘብ ያዥ ጉድለት ሲገኝበት ደረሰኝ በደረሰኝ ማመሳከር ይችላል። በሶፍትዌር የሚሠራ ግን ማሽኑ ያሳየውን ቁጥር ለመሞገት የሚይዘው ማስረጃ የለውም። አውቶማቲክ ፍተሻ እዚህ ላይ ሁለተኛ ፋይዳ አለው። እያንዳንዱ ፍተሻ መቼ እንደተካሄደና ምን ውጤት እንዳገኘ መዝገብ ትቶ ያልፋል። ክርክር ሲነሣ ሥርዓቱ በዚያ ቀን በትክክል ይሠራ እንደነበር ለማጣራት የሚያግዝ ሰነድ ይኖራል ማለት ነው። ስለዚህ ፍተሻ ተገልጋዩን ብቻ ሳይሆን ሐቀኛውን ሠራተኛም ይጠብቃል።

ፍተሻ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች

አውቶማቲክ ፍተሻ ለሁሉም ችግር መድኃኒት አይደለም። ፍተሻ ስህተት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል፤ ስህተት አለመኖሩን ግን ሊያረጋግጥ አይችልም። የሚጠይቀውም ሰው አስቀድሞ ያሰበውን ብቻ ነው። ጳጉሜን 6ን ያላሰበ ባለሙያ የጻፈው ፍተሻ ስለ ጳጉሜን 6 ምንም አይናገርም።

ፈታሹ ራሱም ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት የለቀቀው ማሻሻያ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን አሰናከለ። በረራዎች ተሰረዙ፤ የሆስፒታሎችና የባንኮች አገልግሎት ተስተጓጎለ። ድርጅቱ ማሻሻያዎችን በአውቶማቲክ መንገድ የሚመረምር መሣሪያ ነበረው፤ ነገር ግን መሣሪያው ራሱ ጉድለት ስለነበረበት የተበላሸውን ፋይል ደህና ነው ብሎ አሳለፈ። ማሻሻያው በአንድ ጊዜ ለሁሉም መድረሱ ጉዳቱን አባባሰው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ፍተሻን ያለፈ ማሻሻያም ቢሆን በመጀመሪያ ለጥቂት ተጠቃሚዎች ተለቆ ውጤቱ ከታየ በኋላ ደረጃ በደረጃ ወደ ሌሎች መዳረስ ያለበት መሆኑ ነው።

ወጪውም መታወቅ አለበት። ፍተሻ መጻፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ሶፍትዌሩ ሲለወጥ ፍተሻውም አብሮ መታደስ አለበት። ያልታደሰ ፍተሻ ያለምክንያት ይጮኻል፤ ባለሙያዎችም ጩኸቱን ችላ ማለት ይለምዳሉ። የበጀት ዓመቱ ከማለቁ በፊት ሥራው እንዲረከብ በሚጣደፍ ተቋም ውስጥ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸው ሥራ ነው። በተጨማሪም አገልግሎቱ ለባለጉዳዩ ምቹ መሆኑን፣ ቋንቋው የሚገባ መሆኑን፣ ማንበብ የማይችል ሰው በምን መልኩ እንደሚስተናገድ የሚያይ ማሽን የለም። ይህ የሰው ዓይንና የሰው ፍርድ ይጠይቃል። ማሽኑ አሰልቺውን ድግግሞሽ ሲረከብ ባለሙያው ለዚህ ሥራ ጊዜ ያገኛል።

ከተቋማት የሚጠበቅ

ከላይ የቀረቡት ነጥቦች ወደ ተግባር ሲመጡ ሰፊ በጀት የማይጠይቁ እርምጃዎች አሉ።

አንደኛ፣ ሶፍትዌር የሚያሠራ ተቋም በውሉ ውስጥ ፍተሻን ራሱን የቻለ ርክክብ አድርጎ ማስቀመጥ ይችላል። አቅራቢው ሶፍትዌሩን ብቻ ሳይሆን የፍተሻ ዝርዝሩንና የፍተሻ ፕሮግራሞቹን ጭምር ካስረከበ፣ ተቋሙ በኋላ ሌላ ባለሙያ ቢቀጥርም ሥራው ከዜሮ አይጀመርም። የፋይዳ መታወቂያ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው መድረክ የፍተሻ ፕሮግራሞቹን ከምንጭ ኮዱ ጋር ለሕዝብ ክፍት ማድረጉ ይህ አሠራር የሚቻል መሆኑን ያሳያል።

ሁለተኛ፣ የፍተሻ ዝርዝሩ ከወረዳና ከቀበሌ ሠራተኞች ጋር በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ መዘጋጀት ይኖርበታል። «በሂሳቡ ካለው በላይ የጠየቀ ይከልከል» የሚለውን ለመጻፍ የኮምፒውተር ዕውቀት አያስፈልግም። ወደ ኮድ የመቀየሩ ሥራ የአበልጻጊው ነው።

ሦስተኛ፣ ከተገልጋይ የሚመጣ እያንዳንዱ የስህተት አቤቱታ ሲስተካከል አብሮ አንድ ፍተሻ ቢጻፍለት ያ ስህተት ተመልሶ ሲመጣ ወዲያው ይያዛል። በዚህ መንገድ የአንድ ባለጉዳይ ጉዳት የሌሎች ሺዎች መከላከያ ይሆናል።

አራተኛ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ይፋ የተደረገው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭና እንደ ደባርቅና ጎንደር ባሉ ከተሞች የሚገኙ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብዙ ወጣቶችን ወደ ሙያው እያቀረቡ ነው። ወጣቶቹ ኮድ መጻፍን ሲማሩ ፍተሻ መጻፍንም አብረው ቢማሩ፣ የዘመን መለወጫን፣ የግዕዝ ፊደልንና የአገሬውን ስም በትክክል የሚያስተናግዱ የጋራ የፍተሻ ስብስቦችን ለአገር ማበርከት ይችላሉ። ይህ በመላ አገሪቱ ለሚሠሩ ሥርዓቶች ሁሉ የሚጠቅም ሥራ ሲሆን፣ ከዳባትም ሆነ ከአዲስ አበባ ሆኖ ሊሠራ የሚችል ነው።

የዲጂታል አገልግሎት ለዜጎች የተገባ ቃል ነው። ቃሉ የሚፈጸመው ሥርዓቱ በተመረቀበት ዕለት ብቻ ሳይሆን በየማሻሻያው ማግሥት ነው። ከስሜን ሸንተረሮች ተነሥቶ ደባርቅ የደረሰ ባለጉዳይ በመስኮቱ በኩል ያለው ሶፍትዌር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ሰነዱን ይዞ መቅረብ ብቻ ነው። ከእርሱ በፊት የስሙ አጻጻፍ፣ የልደቱ ቀን፣ የስልኩ ቁጥርና የሂሳቡ ቀሪ በሥርዓቱ ውስጥ ተጠይቀው ትክክለኛ መልስ ያገኙ መሆናቸውን ማረጋገጥ የተቋማት ኃላፊነት ነው።